የተገጣጠመ ዕቃ ዋጋ ከየት ይመጣል?

በዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ ከክፍሎች የተገጣጠመ ዕቃ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ጥያቄው ስለተደጋገመ ላብራራው። ግራ የሚያጋባው «ዋጋ» ስንል ሁለት ነገር ስለምንቀላቅል ነው፦ ዕቃው የፈጀው ወጪና የመሸጫ ዋጋው።

ወጪው ከክፍሎቹ ይደመራል። የጠረጴዛ ገበታ 400፣ አራት እግር በ50 ሂሳብ 200፣ ብሎን 20፣ የእጅ ዋጋ 80 ቢሆን ጠረጴዛው 700 ፈጀ ማለት ነው። የእጅ ዋጋውን ካላስገባችሁ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 620 ብቻ ነው፤ ትርፋችሁ ያለ ልክ አብጦ ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እግሩ ነገ 60 ቢገባና በአዲሶቹ እግሮች ብትገጣጥሙ ወጪው 740 ይሆናል። አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ እግሮች ጋር ሲቀላቀሉ ግን ስሌቱ ይለያያል፦ አንዳንዱ ሶፍትዌር የዋጋቸውን አማካይ ይይዛል፣ ሌላው ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ያወጣል።

የመሸጫ ዋጋውን በአብዛኛው የምትሞሉት እናንተው ናችሁ። ወጪው ስለጨመረ ብቻ አብሮ አይጨምርም፤ እንዲጨምር ካላዘዛችሁት በቀር።