ስለ ሆኪ ድራፍት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ጁን መጨረሻ ላይ ለአንድ ጓደኛዬ «ዛሬ ማታ ድራፍት አለ» ብዬ ጻፍኩለት። «የት? ጋባዡስ ማነው?» ብሎ መለሰልኝ። አልፈርድበትም። ለእኛ ድራፍት ማለት ጃምቦ ነው። እኔ ያልኩት ድራፍት ቢራ የለውም። አረፋ ግን ሞልቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ አንድ ሀብታም ክለብ እንደ እግር ኳሱ ገንዘብ በትኖ የፈለገውን ታዳጊ መሰብሰብ አይችልም። 32ቱ ክለቦች በዓመት አንዴ ተራ ይዘው ልጆችን ይመርጣሉ። ሰባት ዙር ነው፤ ከ220 በላይ ስም ይጠራል። ደካማ የነበሩት ይቀድማሉ፤ የፊተኞቹን ቦታዎች ግን ዕጣ ይወስናቸዋል። አብዛኞቹ ተመራጮች 18 ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የደረሰ ናቸው። ጺማቸው በወጉ ያልበቀለ ልጆች።

የምኖረው ቶሮንቶ ነው። እዚህ ከተማ ፀጉር አስተካካዩም፣ የታክሲ ሹፌሩም ተጫዋች መልማይ ነው። ሁሉም አዋቂ ነው። እኔም ዓመታት ቁጭ ብዬ ስሰማቸው የተወሰኑ አባባሎች ሲደጋገሙ አየሁ። ጥቂቶቹን እነሆ።

«1ኛ የተመረጠ ልጅ ኮከብ መሆኑ አይቀርም»

ብዙ ጊዜ ይሆናል። ሲድኒ ክሮዝቢ፣ አሌክሳንደር ኦቬችኪን፣ ኮነር ማክዴቪድ ሁሉም 1ኛ ተመራጮች ናቸው። «አይቀርም» የምትለዋ ቃል ናት ችግሯ።

በ1993 ኦታዋ አሌክሳንደር ዴግልን 1ኛ አድርጎ መረጠ። ልጁ በዚያን ሰሞን «2ኛ የወጣን ማን ያስታውሰዋል» የሚል መንፈስ ያለው ነገር ተናግሮ ነበር። 2ኛ የተመረጠው ክሪስ ፕሮንገር ይባላል። ፕሮንገር በ2000 የሊጉ ኮከብ ተብሎ ሃርት ዋንጫን ወሰደ፤ በኋላም የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ገባ። አሁን የምናስታውሰው እንግዲህ ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ አትላንታ ቼካዊውን ፓትሪክ ስቴፋንን 1ኛ ወሰደ። 2ኛና 3ኛ ላይ ቫንኩቨር መንትዮቹን ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲንን አነሳ። መንትዮቹ እያንዳንዳቸው ከ1,000 በላይ ነጥብ አስመዘገቡ። በሆኪ ነጥብ ማለት ያገባኸውና አመቻችተህ ያቀበልከው ሲደመር ነው። ስቴፋን በሕይወት ዘመኑ 188 ላይ ቆመ።

የስቴፋንን ስም የሚያውቁ ሰዎች በአንዲት ቅጽበት ነው የሚያውቁት። ጃንዋሪ 2007፣ ለዳላስ እየተጫወተ ነው። ቡድኑ ኤድመንተንን 5 ለ 4 እየመራ ነው። ተጋጣሚው በረኛውን አስወጥቶ አጥቂ ጨምሯል፤ ጎሉ ባዶ ነው። ስቴፋን ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ጎማ፣ ይዞ ብቻውን ደረሰ። መግፋት ብቻ ነበር የቀረው። ፓኳ ነጠረችና ዱላውን አለፈችው። እሱም ወደቀ። ኤድመንተኖች ፓኳን ነጥቀው ሄዱና ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀር አገቡ። ዳላስ በኋላ በመለያ ምት ማሸነፉን ግን ማንም አያነሳም። ሰውየው ከድራፍቱ በፊት ጀምሮ የጭንቅላት ጉዳት እንደነበረበትም አይነሳም። ትንሽ ግፍ ነው።

«ሁሉም 18 ዓመታቸው ነው፣ ስለዚህ እኩል ይመዘናሉ»

ይቺ ናት በጣም የምታናድደኝ።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት የሞላው በዚያ ዓመት ድራፍት ሊመረጥ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 መሆኑ ነው። መስከረም 5 የተወለደና መስከረም 6 የተወለደ ሁለት ልጆችን አስቡ። አንዱ ዘንድሮ ይመረጣል፤ ሌላው አንድ ሙሉ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ድራፍት ውስጥ ከትልቁና ከትንሹ መካከል ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። በ40 ዓመት ሰው አንድ ዓመት ምንም አይደለም። በ17 ዓመት ልጅ ግን ትከሻ የሚሰፋበት፣ ጉልበት የሚጠነክርበት፣ ድምፅ የሚጎረንንበት ዓመት ነው።

ኦስተን ማቲውስ የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1997 ነው። በሁለት ቀን አመለጠው። ሁለት ቀን ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ በ2015 ከማክዴቪድ ጋር በአንድ ድራፍት ይቀርብ ነበር። አልሆነም። እሱም ትርፏን ዓመት ስዊዘርላንድ ሄዶ ዙሪክ ውስጥ ከአዋቂዎች ጋር ተጫወተባት። በ36 ጨዋታ 24 ጎል አገባ። በ2016 ቶሮንቶ 1ኛ አድርጎ ወሰደው። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ኦታዋ ላይ አራት ጎል አገባ። የሰፈሬ ሰዎች ያን ምሽት የት እንደነበሩ እስከ ዛሬ ይነግሯችኋል።

ነገሩ ከድራፍቱም በፊት ይጀምራል። ካናዳ ውስጥ ልጆች በዕድሜ የሚመደቡት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ጃንዋሪ ላይ የተወለደው የስምንት ዓመት ልጅ ዲሴምበር ላይ ከተወለደው ይገዝፋል። አሠልጣኙ ግዙፉን ይመርጣል። የተመረጠው የተሻለ ሥልጠናና ብዙ የጨዋታ ሰዓት ያገኛል። ከዓመታት በኋላ በእውነትም የተሻለ ይሆናል። ታዲያ የተፈጥሮ ተሰጥኦ ነው እንላለን።

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ካናዳውያን ተመራጮችን አይቶ ያገኘው ነገር ይገርማል። በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት በኋላ ካሳዩት ብቃት አንጻር ሲታይ የተመረጡት ከሚገባቸው ዘግይተው ነበር። ሥራቸው አድልዎውን ማረም የሆነ መልማዮች ራሳቸው በአድልዎው ተይዘዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲወደስ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የልደቱን ቀን ነው። እንደ ኮከብ ቆጣሪ ይቆጥሩኛል።

«ነጥቡ ብዙ የሆነ ልጅ ይበልጣል»

የት ያገኘውን ነጥብ? ከማን ጋር ሆኖ?

የ17 ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር በጨዋታ 20 ደቂቃ እየገባ 90 ነጥብ ሊሰበስብ ይችላል። ሌላው ፊንላንድ ውስጥ ከ30 ዓመት ጎልማሶች ጋር ጥቂት ደቂቃ እየተሰለፈ 10 ነጥብ ያገኛል። በ2022 የሆነው ይኼው ነበር። ሼን ራይት በካናዳ ጁኒየር ሊግ 94 ነጥብ ነበረው። ስሎቫኪያዊው ዩራይ ስላፍኮቭስኪ በፊንላንድ ሊግ በ31 ጨዋታ 10 ብቻ። ሞንትሪያል ባለ 10ሩን 1ኛ መረጠ። ራይት 4ኛ ላይ ወረደ።

ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ስላፍኮቭስኪ በዚያው ዓመት ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በሰባት ጨዋታ ሰባት ጎል አግብቶ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ነበር። ሰባት ጨዋታ ሁለት ሳምንት ነው። ለሁለት ሳምንት ማን ያልቀናው አለ? የሞንትሪያል ሰዎች እነዚያን ሁለት ሳምንታት ብቻ አይተው እንዳልወሰኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ጊዜ ከቶሮንቶ ወጣ ብላ ባለች ከተማ የጁኒየር ጨዋታ አይቼ ነበር። አጠገቤ ማስታወሻ ደብተር የያዙ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። መልማይ ናቸው። አንዱ ልጅ ሲያገባ አዳራሹ ተናጋ። እሳቸው ብዕራቸውን አላነሱም። በኋላ ያው ልጅ ፓኳን ተነጠቀ። ሳያኮርፍ ዞሮ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ተጋጣሚውን ከኋላ ደረሰበትና ፓኳን እንዳይጫወት የተጋጣሚውን ዱላ በራሱ ዱላ ወደ ላይ ገፋበት። ያኔ ጻፉ። ምን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው «አንገቱን» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ፓኳ ወደ እሱ እየመጣች ሳለ ልጁ በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያያል ወይስ አያይም? የሚያይ ልጅ ፓኳ ስትደርሰው ቀጥሎ የሚያደርገውን ወስኖ ጨርሷል። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ጨዋታ ሳይ አንገት ነው የማየው።

«አጭር ልጅ በዚህ ጨዋታ ቦታ የለውም»

ማርቲን ሴንት ሉዊ 1 ሜትር ከ73 ነው። ማንም አልመረጠውም። በየትኛውም ዙር። በ2004 ግን የሊጉ ነጥብ መሪ፣ የዓመቱ ኮከብና የሊጉ ሻምፒዮን የሚያነሳው የስታንሊ ዋንጫ ባለቤት ሆነ፤ ሦስቱንም በአንድ ዓመት። ጆኒ ጎድሮ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ2011 በ104ኛ ነበር የተጠራው። በኋላ በአንድ የውድድር ዘመን 115 ነጥብ አስመዘገበ።

ሕጉም ተለውጧል። በ2004–05 ሊጉ በክለቦችና በተጫዋቾች የክፍያ ጠብ ምክንያት ሙሉ ዓመት ተዘጋ። ሲከፈት ዳኞች ተጫዋችን በዱላ መያዝና መጎተት ላይ ጥብቅ ሆኑ። ፈጣን ልጅ እፎይ አለ።

ቁመት ተገልብጦም ያሳስታል። ዝዴኖ ቻራ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ነው። «ይሄ ቀጭኔ በበረዶ ላይ እንዴት ይዞራል?» የሚያሰኝ ልጅ ነበር። በ1996 በ56ኛ ተመረጠ። ከዚያ 1,680 ጨዋታ ተጫወተ፤ ከእሱ በላይ የተጫወተ ተከላካይ የለም።

«የአካል ብቃት ፈተና የወደቀ ልጅ አበቃለት»

ከድራፍቱ በፊት ሊጉ ልጆቹን ሰብስቦ ይፈትናል። ብስክሌት እስኪያስመልሳቸው ያስጋልቧቸዋል። ያዘልሏቸዋል። ብረት ላይ አንጠልጥለው ፑል አፕ ያሠሯቸዋል። ክለቦቹም አንድ በአንድ እያስገቡ ይጠይቋቸዋል፤ አንዳንዱ ጥያቄ የእንቆቅልሽ ዘመድ ነው። የሚገርመው ግን በዚያ ሁሉ መሀል በረዶ የለም። የሆኪ ተጫዋቾች ፈተና ላይ ማንም ሆኪ አይጫወትም።

በ2014 ሳም ቤኔት የፑል አፑ ብረት ላይ ተንጠለጠለ። አንድም አልሠራም። ዜሮ። ከሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች 1ኛ ደረጃ የተሰጠው ልጅ ነበርና ወሬው አገር አዳረሰ። ካልጋሪ ግን በ4ኛ ወሰደው። ከጥቂት ወራት በኋላ ትከሻው ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ወሬኛው ይህን ለመስማት አልቆየም። ካልጋሪ ቤት ብዙም አልደመቀም፤ ፍሎሪዳ ሄዶ ነው የነቃው። በ2025 በጥሎ ማለፉ 15 ጎል አግብቶ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የስታንሊ ዋንጫን ደግሞ ከራሱ በላይ አነሳ። 15 ኪሎ ተኩል ይመዝናል።

«ጥሩ በረኛ ካገኘህ ቶሎ ውሰድ»

በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ሄንሪክ ሉንድክቪስት 205ኛ፣ ኮነር ሄለበክ 130ኛ ነበሩ። ሄለበክ በ2025 የሊጉ ኮከብ ሆኗል። ሉንድክቪስት በተመረጠበት በዚያው በ2000 1ኛ የተጠራው ሪክ ዲፒየትሮ የሚባል በረኛ ነበር። በኋላ የ15 ዓመት ውል ተሰጠው። ጉዳት አደቀቀው። ክለቡ በ2013 ውሉን አፍርሶ አሰናበተው፤ እስከ 2029 ድረስ ግን በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይከፍለዋል። እንዲህ ያለ ጡረታ ለወዳጅ ነው።

«የመጨረሻዎቹ ዙሮች ለማሟያ ናቸው፤ እዚያ ኮከብ የሚያገኝ ደግሞ ሊቅ ነው»

ሁለት ስሕተት በአንድ አረፍተ ነገር። በ1974 የቡፋሎ ክለብ ኃላፊ የምርጫው መርዘም ሰልችቶት ታሮ ትሱጂሞቶ የሚባል ጃፓናዊ በ183ኛ መረጠ። ሰውየው የለም። ፈጠራ ነው። ሊጉ እውነት መስሎት መዝግቦት ነበር። ማሟያ ካላችሁ ይኼ ነው።

የዲትሮይት ታሪክ ግን ሌላ ነው። የክለቡ የአውሮፓ መልማይ ሃካን አንደርሰን ሩሲያ ሄዶ ሌላ ልጅ ሊያይ ነበር። አንድ ትንሽ አጥቂ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ስሙ ፓቬል ዳትሱክ ነው። 20 ዓመት ሊሞላው ነበርና በቀደሙት ድራፍቶች ሁሉም አልፈውታል። በ1998 ዲትሮይት በ171ኛ መረጠው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ስዊድናዊውን ሄንሪክ ዘተርበርግን በ210ኛ። በ2008 ሁለቱ አንድ ላይ የስታንሊ ዋንጫን አነሱ፤ ዘተርበርግ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዲትሮይት የነቢያት ቤት ተደርጎ ይወራ ጀመር። አንደርሰን ዓይኑ የተባረከ ሰው ነው፤ አልክድም። ፀጉር አስተካካዬ ይህን ታሪክ ሲያነሳብኝ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ። ያን ያህል ካወቁ፣ 170 ልጆች ቀድመው ሲጠሩ ምን ይጠብቁ ነበር? መቀሱን አቁሞ ያስባል። እስካሁን አልመለሰልኝም።