ሰማዩ ጠርቶ ኮርኒሱ ሲያንጠባጥብ፦ ስለ ጠፍጣፋ ጣሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥቅምት ገብቷል። ዝናቡ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጎረቤታችን እትዬ ግን ሳሎናቸው ውስጥ ባልዲ ደቅነው ጠበቁኝ። ኮርኒሱ፣ ልክ አምፖሉ ጋ፣ ጠብ ጠብ ይላል። «ልጄ፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ይሄ ውሃ ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

የሐምሌ ውሃ ነው። ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ላይ በጋዝ እሳት ተለብልቦ የተለጠፈው የሬንጅ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ እንዳያስገባ የሚነጠፈው ንጣፍ፣ አንድ ቦታ ተከፍቷል። የገባው ውሃ ከሥሩ ተኝቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣሪያ ያላቸው ሰዎች የሚነግሩኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው።

«ቀዳዳው ከጠብታው በላይ ነው»

እትዬም ይህንኑ አምነው፣ ከአምፖሉ አናት ያለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አስለጥፈውታል። ገንዘቡ ባከነ። ውሃ ከሜምብሬኑ ሥር ከገባ በኋላ እዚያ ያለውን የሲሚንቶ ሊሾ ተዳፋት ተከትሎ ይሄዳል። ስንጥቅ ወይም የኤሌክትሪክ ቱቦ ሲያገኝ ነው የሚወርደው። አምፖል የሚወደውም ለዚህ ነው፤ ሶሌታው ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ቦይ ይሆንለታል። (እግረ መንገዴን፣ አምፖል ጋ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። የጣሪያው ወሬ ይደርሳል።)

የእሳቸው ቀዳዳ የተገኘው አራት ሜትር ርቆ ነው። ሜምብሬኑ ከፓራፔቱ (ጣሪያውን ዙሪያውን ከከበበው አጭር ግድግዳ) ጋር የሚገናኝበት ጥግ ከልስኑ ለቅቆ ጣት ያስገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው መሃል ሜዳው ላይ ሳይሆን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነው። የግድግዳ መጋጠሚያውን፣ የውሃ መውረጃውን አፍ፣ ቧንቧ በስቶ የሚወጣበትን ቦታ፣ የሮቶውን መቆሚያ እዩ።

«በጋው ያደርቀዋል»

ልብስ ላይ ይሠራል፣ ጣሪያ ላይ አይሠራም። ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ነገር ውሃ አያስወጣም። ቀን ፀሐይ ጥቁሩን ሜምብሬን ታግለዋለች። ሥሩ ያለው እርጥበት ተን ሆኖ መውጫ ሲያጣ ሜምብሬኑን ወደ ላይ ይነፋዋል። ማታ ብርዱ ሲመጣ ተኑ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። በነጋታው ያው ነው። እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ብትወጡ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ እብጠት ታያላችሁ። ጠዋት በብርዱ ያንኑ ቦታ ብታዩት ሟሽሾ ተኝቷል። ለውሃው የቀረው መንገድ ወደ ታች ብቻ ነው። እሱም ቀለም እየላጠ፣ ሻጋታ እያበቀለ፣ ፌሮ እያዛገ ነው።

እብጠቱን በስቶ መለጠፍስ? ተኑ ይወጣል፣ ውሃው ይቀራል።

«በላዩ ሌላ ሜምብሬን ይደረብበት»

ለሠራተኛው ይመቻል፤ መፈንቀል የለም፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ለባለቤቱ ግን እርጥቡን በሁለት ክዳን መክደን ነው። መደረብ የሚቻለው ሥሩ ደረቅ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። የረጠበው ክፍል ተቆርጦ ይነሳ፣ የላላ ሊሾ ካለ ይፈንቀል፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለጠፍ። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ መገልበጥ ሁልጊዜ አያስፈልግም። «ሁሉም ይነሳ» የሚላችሁን ሰው የት የት ቆርጦ እርጥበቱን እንዳየ ጠይቁት።

«ቤቱ አዲስ ነው፣ ዝናብ አልነካውም»

ኮንክሪቱ ራሱ በውሃ ነው የተቦካው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ ወደ 175 ሊትር ውሃ ይገባል። ሲሚንቶው በኬሚካል የሚያስረው ግማሽ ያህሉን ነው። ከቀረው ብዙው ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ርክክብ የደረሰበት ኮንትራክተር ሊሾ ባፈሰሰ በሳምንቱ ሜምብሬን ከለጠፈ፣ ውሃውን አብሮ አሽጎላችኋል።

መድረቁን መፈተኛው ርካሽ ነው። ሜምብሬን ከመለጠፉ በፊት 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር እሸጉና ቢያንስ ለ16 ሰዓታት ተዉት። ስታነሱት ላስቲኩ ካላበው ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ ገና ነው።

«ካሜራው ሁሉንም ያሳየናል»

የሙቀት ካሜራ ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን የሚያየው ሙቀትን እንጂ ውሃን አይደለም። ውሃ የያዘውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ የረጠበው ቦታ ሞቅ ብሎ ይታያል። ይህም ሰማዩ በጠራበት ምሽት፣ ውሃ ባልተኛበት ጣሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን አንድ ሁለት ቦታ ቆርጦ በእጅ መዳሰስ አይቀርም።

እትዬ ጥጉን አስከፍተው ታህሣሥን ሙሉ ለፀሐይ ተዉት። ላስቲኩን በየሳምንቱ የሚለጥፉት ራሳቸው ነበሩ። አራተኛው ላይ ደርቆ ተነሳ።