የጠጅ «ባች» ምንድን ነው?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው «ባች» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። በአንድ ዓመት አብረው የገቡ ልጆች ማለት ናት። ቤት ውስጥ ጠጅ ለሚጥል ሰውም ነገሩ ያው ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማር፣ በአንድ ልክ የተበጠበጠ ጠጅ አንድ ባች ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች «የአሁኑ ጥንስስ» ሲሉ የሚያወሩት ስለዚሁ ነው።

እነሱ ያለ ወረቀት ይዘውት ኖረዋል። ቀኑን የሚቆጥሩት በታቦት ነው። «ለሚካኤል ጣልኩት» ካሉ በ12 ነው፤ «ለማርያም ይደርሳል» ካሉ በ21። ዘጠኝ ቀን መሆኑን ለማወቅ ደብተር አያስፈልግም። ለአንድ ጋን ይህ በቂ ነው። ሦስት ዕቃ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ማስታወስ ይከዳል።

እኔን የከዳኝ በክዳን ነው። ሁለት ባልዲ ጠጅ ነበረኝ። ማሩ አንድ ዓይነት፣ ባልዲው አንድ ዓይነት፣ አንደኛው ብቻ በሳምንት ይቀድማል። ቀኑን የጻፍኩት ክዳናቸው ላይ ነበር። አንድ ማታ ሁለቱንም ከፍቼ አማሰልኩ፣ ክዳኖቹን አለቀለቅኩ፣ መልሼ ከደንኩ። ተቀያይረዋል! ጌሾውን ከቀዳሚው ላወጣ ብዬ ከኋለኛው አወጣሁ። ቀዳሚው እንደ ኮሶ መረረ፤ ኋለኛው ብርዝ ብርዝ እንዳለ ቀረ። ያ ሁሉ ማር እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ዕቃው ሆድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የጠጁ ነው። ባልዲው በሚቀጥለው ወር ሌላ ጠጅ ይገባበታል። ስለዚህ «ቢጫው ባልዲ» ብሎ መጥራት አያዛልቅም። ሰባተኛው ጠጅ ተጠልሎ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ «ጠጅ 7» የሚለው መለያም አብሮት ይሄዳል። ለሁለት ዕቃ ከተከፈለስ? እኔ 7ሀ እና 7ለ እላቸዋለሁ። ምንጫቸው አንድ ቢሆንም አንዱ ሙቀት ያለው ክፍል ከተቀመጠ፣ ወይም ጌሾው ከበዛበት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዳቸው ይለያያል።

መለያው ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ቁጥሩ፣ የተጣለበት ቀን፣ ጌሾ የገባበት ቀን ይበቃል። ውጭ አገር ያላችሁ ግን ወሩን በስሙ ጻፉት። «12/3» ብላችሁ ብትተዉት ኅዳር 12 ይሁን ማርች 12፣ ወይስ ዲሴምበር 3፣ ከወር በኋላ ራሳችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

የወረቀት ፕላስተርና ማርከር ጥሩ ነው፤ ዕቃው መጀመሪያ ይድረቅ እንጂ። ጠጁ ገንፍሎ ቀለሙን እንዳያጥበው ከላዩ ግልጽ ፕላስተር ደርቡበት። የሸክላ ጋን ስለሚያልበው ፕላስተር አይዝም። ካርቶን ቆርጦ አንገቱ ላይ በክር ማሰር ይሻላል።

የቀረው ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስንት ኪሎ ማር፣ ከየት የመጣ፣ ስንት ሊትር ውሃ፣ ሲቀመስ ምን ይል እንደነበር። ሃይድሮሜትር (የፈሳሹን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ) ያላችሁ የመጀመሪያ ቀን ንባቡን አትዝለሉት። የአልኮሉ መጠን የሚገኘው ከመጀመሪያው ንባብ የመጨረሻው ተቀንሶ በ131.25 ሲባዛ ነው። 1.090 ጀምሮ 1.010 ላይ ያቆመ ጠጅ 10.5 በመቶ ገደማ አለው። የመጨረሻውን መቼም ትለኩታላችሁ፤ የመጀመሪያው ግን ካመለጠ አመለጠ። ማሩ አንዴ መፍላት ከጀመረ ወደ ኋላ ተመልሶ አይለካም።

የአንዱ ባች የመጨረሻ ጠርሙስ ሲያልቅ መለያውን ልጬ ደብተሩ ላይ፣ የራሱ ገጽ ላይ እለጥፈዋለሁ። የሚቀጥለውን ማር ልገዛ ስወጣ ያንን ገጽ አይቼ ነው።