«ሬይን ቼክ» እምቢታ ነው ወይስ ቀጠሮ?

አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባህን ቡና ልጋብዝሽ ስትላት «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» ካለችህ፣ ዝናቡን ልታይ እየወጣች አይደለም። «ዛሬ አይመቸኝም፣ ለሌላ ቀን ይቆይልኝ» ማለቷ ነው።

ነገሩ የመጣው ከቤዝቦል ነው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ፣ ተመልካቹ ሌላ ቀን በነፃ የሚገባበት ቁራጭ ትኬት ይሰጠው ነበር። ሬይን ቼክ ያቺ ወረቀት ናት።

አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥም ትሰማዋለህ። በቅናሽ የተለጠፈው ዶሮ ካለቀ፣ ካሸሯን ሬይን ቼክ ጠይቃት። ዕቃው ሲገባ በዚያው በቅናሹ ዋጋ ትገዛለህ። ሁሉም ሱቅ ግን አይሰጥም። ከሰጡህም ወረቀቱ ላይ የሚያበቃበትን ቀን እይ።

ግብዣ ላይ ግን ወረቀት የለም፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ጋ ነው። አንዳንዱ ከልቡ ነው፣ አንዳንዱ በጨዋ ደንብ እምቢ እያለህ ነው። «ሐሙስ ይሻላል?» ብሎ ቀን ከጠራ የምሩን ነው። ካልጠራ፣ ሌላ ጊዜ አንዴ ጠይቀህ ተወው። «በሞቴ» እያሉ መወትወት እዚያ አያስኬድም። አንተም ሬይን ቼክ ካልክ፣ ቀጣዩን ቀን የመጥራቱ ተራ ያንተ ነው።