አይኮኖግራፊ ምንድን ነው? የክመር ነሐስ አማልክት በምን ይለያሉ?

በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ግዙፍ የነሐስ ምስል አለ። ከተኛው አካል የተረፉት ራሱ፣ ትከሻውና ሁለት ቀኝ እጆቹ ናቸው። ዓይኑና ቅንድቡ ላይ ሌላ ጌጥ ተቀብሮበት የነበረው ጎድጓዳ ዛሬ ባዶውን ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1936 የአንኮር (የካምቦዲያ ሕዝብ የሆኑት የክመሮች ጥንታዊ ዋና ከተማ) አካባቢ አንድ ነዋሪ «ቡድሃ ምዕራብ ሜቦን ቤተ መቅደስ ውስጥ ተቀብሮ በሕልሜ አየሁ» አለና ተቆፈረ። የወጣው ግን ቡድሃ ሳይሆን የሂንዱ አምላክ ቪሽኑ ነበር።

ሰውዬው ብቻውን አልተሳሳተም። በ1296 አንኮር የደረሰው ቻይናዊው ዡ ዳጓን ከእምብርቱ ውኃ የሚፈልቅ የተኛ የነሐስ ቡድሃ አለ ብሎ ጽፏል፤ ብዙ አጥኚዎች ያየው ይህንኑ ምስል ነው ይላሉ።

ታዲያ ቪሽኑ መሆኑ በምን ታወቀ? አይኮኖግራፊ የሚባለው ዕውቀት እዚህ ላይ ይገባል፦ ምስሉ ማን እንደሆነ ከያዘው ዕቃ፣ ከራስ ጌጡ፣ ከአኳኋኑና ከተገኘበት ቦታ ማንበብ። ፊት ብዙም አይረዳም፤ የክመር ሠሪዎች ለሌላው የሂንዱ አምላክ ለሺቫም ለቪሽኑም ያው የረጋ ፊት ይሰጣሉ። ይህኛው ግን ባለ አራት እጅ ነው፣ ተኝቷል፣ ቤተ መቅደሱም በሰው እጅ በተሠራ ሰፊ ሐይቅ መካከል ነው። በሂንዱ ትረካ ውቅያኖስ ላይ የሚተኛው፣ ከእምብርቱ የሎተስ አበባ የሚበቅልለት ቪሽኑ ነው።

ቆሞ ሲሠራ ቪሽኑ የሚነፋ የባሕር ዛጎል፣ ክብ ዲስክና ዱላ ይይዛል። አራተኛው እጅ ላይ ሕንዶች ሎተስ ማድረግ ሲወዱ ክመሮች ብዙ ጊዜ ድቡልቡል ኳስ ያስይዙታል፤ ምድር ናት። ሺቫ ግንባሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሦስተኛ ዓይን አለው፤ ጠጉሩ ላይ የጨረቃ ቁራጭ ይታያል። ባለ አራት ፊቱ ብራህማና ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሻ አያደናግሩም። ሃሪሃራ ደግሞ ሺቫና ቪሽኑ በአንድ አካል ናቸው፦ በቀኝ የሺቫ የተጠቀለለ ጠጉር፣ በግራ የቪሽኑ ረጅም ቆብ።

አራት እጅ ያየ ሁሉ ግን «ቪሽኑ!» እንዳይል። የቡድሂስቶቹ ሎኬሽቫራም አራት እጅ አለው። ጠጉሩ ላይ ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ጥፍር የምታህል የተቀመጠች የቡድሃ ምስል ካለች ነገሩ ተቆርጧል።

ችግሩ መጀመሪያ የሚሰበረው እጅ መሆኑ ነው። መተኪያም የለውም። ነሐሱ የሚፈሰው የሰም ቅርጽ በጭቃ ተለብጦ፣ ሰሙ ቀልጦ ከወጣ በኋላ ነው (የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዓይነት የአንጥረኛ ሥራ ነው)። ጭቃው ይሰበራል፤ ስለዚህ የጎደለውን እጅ አይቶ የሚያስታውስ መንታ አይኖረውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ወርቃማው ልጅ» የሚባለው፣ ቁመቱ 129 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው፣ በወርቅ የተለበጠው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ምስል ነው። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለዓመታት «የቆመ ሺቫ» ተብሎ ታይቷል፤ ከስሙ ጎን ግን ጥያቄ ምልክት ነበረ። ሁለት እጅ፣ በእጁም የሚያሳውቅ ዕቃ የለም። ንጉሥ ጃያቫርማን 6ኛ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ሩቅ ግምት አይደለም፤ የክመር ነገሥታት ስማቸውን ከሺቫ ስም ጋር ያጣምሩ ነበር። ኢንድራቫርማን 1ኛ በ881 ባኮንግ ቤተ መቅደስ ላይ ያቆመው የሺቫ ሊንጋ (ሺቫን የሚወክል ዓምድ) «ኢንድሬሽቫራ» ይባላል፤ የንጉሡ ስምና «ኢሽቫራ» (ጌታ) ተገጣጥመው ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር ንጉሡ የት አብቅቶ አምላኩ የት እንደሚጀምር መለየት ይከብዳል። እኔ ለጥያቄ ምልክቱ አደላለሁ።

ወርቃማው ልጅ በ2024 ወደተገኘባት ታይላንድ ተመልሷል። ከመሬት ሲወጣ ግን ቦታውን የመዘገበ አጥኚ አጠገቡ አልነበረም። ምዕራብ ሜቦን ላይ ቪሽኑን ያስለየን ደግሞ ከእጆቹ እኩል ሐይቁ ነበር።