«ብረት በይድበትና ገላግለኝ»፦ ስለ ባሌስትራ የማይለቁን ወሬዎች

ደንበኛው ከመኪናው ይወርዳል። «ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ኋላው ዱብ ዱብ ይላል» ይለኛል። ምክንያቱን ልነግረው ስጀምር አያስጨርሰኝም። «በቃ፣ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው አንድ ብረት በይድበትና ገላግለኝ!»

እሱን እንመጣበታለን። መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩት የብረት ቅጠሎች፣ ሁለት ሥራ አለው። ጭነት ይሸከማል፣ የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያገናኘውን አክስልም ቦታው ላይ ይይዛል። ጎማው ወደፊት ሲዞር የአክስሉ ቤት ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። አክስሉ መሃል ያለው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ዘንጉ የሚገባበት፣ ሽቅብ ይነሳል፣ ባሌስትራውም እንደ እባብ ይጣመማል። ጎማው ሲንሸራተት የተወጠረው ባሌስትራ ተፈናጥሮ ይመለሳል። ጎማው ሲይዝ እንደገና ይጣመማል። ዱብ ዱቡ ይሄ ነው። አክስል ራፕ ይሉታል።

«ሾክ አብዞርበሩ ደክሞ ነው።» አይደለም። ሾክ አብዞርበር ዝላዩን ያለዝባል እንጂ አክስሉ እንዳይዞር አይይዝም።

«ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ ነው የሚመጣው።» ፍሬን ሲያዝም ይመጣል። ያኔ አፍንጫው ቁልቁል ይደፋል።

«የእኔ ሞተር ትንሽ ነው፣ አያሰጋኝም።» እስቲ እናስላው። ሞተሩ 300 ኒውተን ሜትር ይስጥ። አንደኛ ማርሽ በ4 ያበዛዋል፣ ሎው (ለከባድ መንገድ የሚገባው ዝቅተኛ ማርሽ) በ2.5፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ4። ብክነቱን ትተን 12,000 ኒውተን ሜትር ደረሰ። ለሁለቱ አክስል እኩል ቢካፈል እንኳ ለእያንዳንዱ 6,000 ነው። ትልቅና የሚይዝ ጎማ ካሰራችሁበት ደግሞ ቶሎ ስለማይንሸራተት ጥምዘዛው ይብሳል።

«ብሎክ ከፍታ ብቻ ነው የሚጨምረው።» በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው ብሎክ ለአክስሉ ረዘም ያለ ክንድ ይሰጠዋል፣ ባሌስትራውን በቀላሉ ይጠመዝዘዋል። ብሎክ በብሎክ ላይ ደርቦ የመጣም አይቻለሁ። ከፊት አክስል ላይ ግን ጭራሽ አይታሰብም።

«ቅጠል ጨምርበት።» ይሄ ግማሽ እውነት አለው። በተለይ ከአክስሉ ፊት ያለው ግማሽ ሲጠነክር ጥምዘዛው ይቀንሳል። ግን መኪናው ይደርቃል፣ ጎርባጣ ላይ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ለዚያ ከሆነ ፎር ዊል ድራይቭ ለምን ገዛችሁ?

አሁን ወደ ብረቱ። አንድ ሰው ክሮቼራ፣ የዘንጉን መጋጠሚያ፣ ሦስት ጊዜ ሰብሮ መጣ። ዕቃው ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን ሲረግም ነበር። ገብቼ ሳይ ሌላ ጋራዥ የተበየደ ድፍን ብረት አለ። አንዱ ጫፍ አክስሉ ላይ፣ ሌላው ሻንሲው ላይ፣ ሁለቱም ክርር ብለው ታስረዋል። ብረቱ መሃሉ ላይ እንደ ቀስት ጎብጧል። ሻንሲው ላይ የተበየደበት ጥግ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ ዝገት ወርዷል። ክሮቼራውን የሚሰብረው ሻጩ አልነበረም።

ነገሩ ቀላል ነው። ባሌስትራ ሲጫን ይረዝማል፣ አክስሉም ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላም ይሄዳል። የተበየደው ብረት ደግሞ በራሱ መንገድ ሊወስደው ይጎትታል። ሁለት ጌታ ያለው አክስል ማንን ይስማ? ወይ ብረቱ ይጎብጣል፣ ወይ ብየዳው ይቀደዳል፣ ወይ መኪናው ባሌስትራ እንደሌለው ይደርቃል።

ትክክለኛው ብረት ትራክሽን ባር ይባላል። አክስሉ ላይ በሁለት ነጥብ ይያዛል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ወደፊት ይሄድና ሻንሲው ጋ ሲደርስ በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ፣ በሻክል፣ ይታሰራል። ሻክሉ ወደፊትና ወደ ኋላ ይለቀዋል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን አይለቀውም። አፍንጫው እንዳይነሳ የሚይዘው ይሄ ነው። መጋጠሚያውም መጣመም የሚችል ይሁን፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ ይጋደላላ! ርዝመቱን ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ከሚመጣው ዘንግ ጋር አቀራርቡት። በጣም ያጠረ ባር ችግሩን ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለሰውየው ያንን ብረት ቆርጬ ጣልኩት። ባር ከመሥራቴ በፊት ግን ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች ነካሁ። ሁለቱ በእጅ ይዞራሉ! የባሌስትራው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ፣ ጎሚኒውም፣ አልቋል። እነሱን በአዲስ ቀየርኩ። ስልኩን ከመኪናው ጎን መሬት ላይ አስቀምጠን፣ ራቅ ብለን ቆመን፣ ዳገት ሲጀምር ቀረጽነው። አፍንጫው አሁንም ይነሳል፣ ግን ከበፊቱ ግማሽ ያህል ብቻ። ባሩን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።