አንድ ዓይን የሚታየው ሁሉ ሰይጣን ነው? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስናይ የምንስታቸው ነገሮች

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው መጀመሪያ ቀና ይላል። ጣሪያውን የሞሉት የኪሩቤል ፊቶች ቁልቁል ያዩታል። ወደ ግድግዳው ሲዞር ደግሞ አጠገቡ ያለው ሁሉ ማብራሪያ ይሰጠዋል። ከሚባለው ውስጥ ግን መታረም ያለበት አለ።

«ሠዓሊዎቹ የሰው መጠን አያውቁም ነበር።» ዋናው ሰው የሚገዝፈው ቅርብ ስለቆመ አይደለም፤ በክብር ስለሚበልጥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ፊትን በጥላ ማድቦልቦልና አበባ የበዛበት የሐር ልብስ መሳል ለመዱ። ያም ሆኖ መጠንን በክብር መለካቱን አልተዉም። አውቀው ያደረጉት ነው።

«አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሁሉ ክፉ ነው።» ግማሽ እውነት ስለሆነ ይኼኛው አስቸጋሪ ነው። በልማዱ የቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች በጎን ይሳላሉ። ግን የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ እዩት። ብዙ ጊዜ እሱም በጎን ነው። ፈረሱ ምን አጠፋ? ልማዱም ቢሆን በየዘመኑ እኩል አልተጠበቀም። ስለዚህ ዓይን ከመቁጠር በፊት ሌላውን እንይ። አክሊለ ብርሃን አለው? በእጁ ምን ይዟል? ወደ ማን ዞሯል? ሰውየውን ማንነቱን የሚነግረን የእነዚህ ድምር ነው።

«ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፋችው ኃጢአተኛ ናት።» ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እንዲህ ተደፍተው የሚታዩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው! በቤተ መንግሥት ሁሉ የሚሰግድላቸው እቴጌ እዚህ ሥዕል ውስጥ ትንሽ ናቸው።

«ሥላሴን በሦስት ሽማግሌ መሳል ሦስት አምላክ ማለት ነው።» መልካቸውን አስተያዩት፤ ጢሙም ልብሱም አንድ ነው። ሠዓሊው አንዱን ከሌላው እንዳንለይ ፈልጓል። ነጩ ጠጉር ዳንኤል ካየው «በዘመናት የሸመገለ» የመጣ ነው።

«ይህ ሁሉ ከጥንት ሳይለወጥ የመጣ፣ ሠዓሊውም የማይታወቅ ነው።» በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ሥራው ላይ ስሙን ጽፏል። ቤታችን የምንሰቅለው ምስለ ፍቁር ወልዳ ደግሞ፣ እመቤታችን እጇን አነባብራ በግራዋ መሐረብ የያዘችበት፣ መነሻው ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው። ቅጂውን ያመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ ሰዎቹን አስወጧቸው፤ ሥዕሉን ግን የኛ ሠዓሊዎች ወስደው ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው ግራና ቀኝ አቆሙበት።